ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ትቶ፦ አውሮፓን በባቡር

አውሮፓ ውስጥ በባቡር ሊዞር ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይዞ ይመጣል። አንዱ የቀን በቀን ሰንጠረዥ ሠርቶ፣ ሆቴሉን ሁሉ ከፍሎ፣ የባቡሩን ሰዓት በደቂቃ ጽፎ ነው። ሌላው ደግሞ «ፓስ ገዝቼ ደስ ያለኝ ከተማ እወርዳለሁ» ባይ ነው፤ ፓስ ማለት በአንድ ክፍያ ብዙ አገር በባቡር የሚያዞር ትኬት ነው። የመጀመሪያው አንድ ባቡር ሲዘገይበት የሳምንቱ ዕቅድ በሙሉ ይናድበታል። ሁለተኛው ፓሪስ ጣቢያ ላይ ፓሱን እንደያዘ ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል።

እኔ የምመክረው የመሃሉን ነው። የትኛው አገር ላይ ዝም ብሎ መሳፈር እንደሚቻል፣ የትኛው ላይ ደግሞ ቀድሞ ካልተያዘ እንደማይሆን ለይታችሁ እወቁ። ይህን ካወቃችሁ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ አስራችሁ የቀረውን መልቀቅ ትችላላችሁ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በሼንገን ቪዛ መጥቶ አብረን ዞርን። መንገዳችን በኮሎኝ በኩል ብራሰልስ፣ ከዚያ ሉክሰምበርግ፣ ስትራስቡርግ፣ ባዝል፣ ሚላን፣ ቬሮና፣ ኢንስብሩክ፣ ሙኒክ፣ ከዚያ ቤት ነበር። ይህ ግን ተዙሮ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ዝርዝር ነው። ስንነሳ ቁርጥ ያለው የሚላን ማረፊያችንና የመመለሻው ቀን ብቻ ነበር። አክስቴ በየማታው ትደውላለች። «ዛሬስ የት ናችሁ?» «ባቡር ላይ፣ እቴቴ።» «ወዴት?» «ገና አልወሰንንም።» «ኧረ በስመአብ! ሰው የሚሄድበትን ሳያውቅ ይሳፈራል እንዴ?»

መጀመሪያ ስለ ፓሱ። ብዙ አበሻ የሚደናገርበት ነገር ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። ሁለት ዓይነት አለ፤ ኢንተርሬይል እና ዩሬይል። ሁለቱም በ33 አገሮች ይሠራሉ። የሚለያቸው ፓስፖርታችሁ ሳይሆን የምትኖሩበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዛችሁ ጀርመን ወይም ስዊድን የምትኖሩ ከሆነ የእናንተ ኢንተርሬይል ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው ዩሬይል ይገዛል። ስለዚህ እኔና የአክስቴ ልጅ በአንድ ባቡር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የተለያየ ፓስ ነበር የያዝነው።

ልዩነቱ ጉዞ ላይ የሚሰማው በአንድ ነገር ነው። ኢንተርሬይል በምትኖሩበት አገር ውስጥ አንድ የመውጫና አንድ የመመለሻ ጉዞ ብቻ ይፈቅዳል። ዩሬይል የያዘ ሰው ግን እንደልቡ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ሙኒክ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እኛ የመረጥነው በአንድ ወር ውስጥ 7 የጉዞ ቀን የሚሰጠውን ነው። የጉዞ ቀን ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። በዚያ ቀን አንድ ባቡርም ተሳፈሩ አምስት፣ ያው አንድ ቀን ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቀኑን ለረጅም መንገድ አስቀምጡት። ለግማሽ ሰዓት መንገድ ትኬት ቆርጣችሁ ሂዱ። ሉክሰምበርግማ ከ2020 ጀምሮ (ዓመቱንም ወሩንም የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባቡሩም አውቶብሱም ትራሙም ለሁሉም ሰው ነፃ ነው፤ የሚከፈለው የባቡር አንደኛ ማዕረግ ብቻ ነው። እዚያ አገር ውስጥ ለመዞር የፓስ ቀን ማቃጠል ሞኝነት ነው። ዕድሜያችሁ እስከ 27 ከሆነ የወጣት ዋጋ አለ። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፤ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ፣ ግን ለእነሱም የልጅ ፓስ መውጣት አለበት።

ስም ስትሞሉ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙሉ። የእኛ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ሲሄድ ፎርሙ ላይ መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ተቆጣጣሪው ፓሱን ካየ በኋላ ፓስፖርት ሊጠይቅ ይችላል። ስሙ ካልገጠመ ባቡሩ እየሄደ ማስረዳት አድካሚ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ባለው አብዛኛው ባቡር ፓስ ካላችሁ ቦታ ሳትይዙ ትገባላችሁ። ወንበር ከተገኘ ትቀመጣላችሁ፣ ካልተገኘ ትቆማላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ፈጣኑ ቴጄቬ፣ ስፔን ውስጥ ፈጣኑ አቬ፣ ጣሊያን ውስጥ ፍሬቻሮሳ፣ ወደ ለንደን የሚሄደው ዩሮስታር፣ እንዲሁም የሌሊት ባቡሮች ግን ፓስ ብቻውን አያስገባም። ቦታ ማስያዝና ለዚያ ተጨማሪ መክፈል ግዴታ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለቴጄቬ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ለፓስ ተጓዦች የሚሰጠው ቦታ ሊያልቅ መቻሉ ነው። በበጋ «ነገ ፓሪስ እንሂድ» ማለት አይሠራም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፦ ልቅ ዕቅድ ከወደዳችሁ የጉዞውን ትልቁን ክፍል በክፍቶቹ አገሮች ላይ አድርጉት። ፓሪስን ወይም ባርሴሎናን ከፈለጋችሁ የምትሄዱበትን ቀን ቁረጡና እንደ ካስማ ትከሉት። ሌላው በዙሪያው ይላወሳል።

ሁለተኛው ምክር ከዚህ የወጣ ነው፤ እኔም በጣም የምወደው። ቦታ ማስያዝ ግዴታ በሆነበት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ግዴታ የሌለበት ሌላ ባቡር አለ። ከኮሎኝ ብራሰልስ ቀዩ ዩሮስታር ቦታ ካልያዛችሁ አያስገባም። በዚያው ሐዲድ ከፍራንክፈርት የሚመጣው ነጩ የጀርመን ፈጣን ባቡር፣ አይሲኢ፣ ግን ያስገባል። ከስዊዘርላንድ ወደ ሚላን የሚገባው ዓለም አቀፍ ባቡር ቦታ ይጠይቃል። ሉጋኖ ወርዳችሁ በኪያሶ በኩል ሚላን ማዕከላዊ ጣቢያ የሚገባውን የክልል ባቡር ብትይዙ ግን ማንም ምንም አይላችሁም። ትንሽ ይዘገያል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ሰው ይበዛበታል። በቃ ይኸው ነው። የጊዜ ሰሌዳ በምትፈልጉበት አፕ ላይ «ቦታ ማስያዝ የማያስፈልጋቸው ባቡሮች ብቻ» የምትል ማጣሪያ አለች። እሷን ብቻ በመንካት ግማሽ ችግራችሁ ይፈታል።

ዝግተኛው ባቡር ሌላም ጥቅም አለው፤ አገሩን ያሳያል። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በፈጣኑ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ የምታዩት ግን ዋሻና የአውራ ጎዳና አጥር ነው። እኛ በማይንዝና በኮብሌንዝ በኩል፣ ራይን ወንዝን ተከትሎ በሚሄደው ሄድን። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ወንዙ በቀኝ ነው፣ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። በየኮረብታው ላይ ግንብ አለ። ታች ደግሞ የጭነት ጀልባ ከእናንተ ጋር የሚሽቀዳደም ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ፎቶ ማንሳት የጀመረው ቢንገን ላይ ነው፣ ያቆመው ኮብሌንዝ ላይ ስልኩ ሲሞት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጎታርድ። ከስዊዘርላንድ ሰሜን ወደ ደቡብ ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ዋሻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ቆይታችሁ በሌላኛው ወገን ትወጣላችሁ። ሌላው በ1882 የተከፈተው የድሮው የተራራ መስመር ነው። በዚህኛው የሚሄደው ባቡር ትሬኖ ጎታርዶ ይባላል። መደበኛ ባቡር ነው፣ ፓስ ይበቃዋል፣ ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም። ለቱሪስት ተብሎ በውድ የሚሸጥ ሌላ ባቡር ስላለ እንዳትሳሳቱ።

ኤርስትፌልድን እንዳለፈ ባቡሩ መውጣት ይጀምራል። ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሐዲዱ በተራራው ሆድ ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው ከፍታ የሚያገኘው። ቫሰን የምትባል መንደር አለች፣ ጉብታ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ያላት። መጀመሪያ ስታዩት ከበላያችሁ ነው። ዋሻ ትገቡና ስትወጡ ከጎናችሁ ነው። እንደገና ገብታችሁ ስትወጡ ደግሞ ከታች ነው። የአክስቴ ልጅ ሦስተኛው ላይ «ይኼ ሰውዬ እያዞረን ነው እንዴ?» አለ። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸው ሳቁ፣ በጣታቸው ክብ ሠርተው አሳዩን። ከዚያ ጎሸነን ላይ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆነው አሮጌው ዋሻ ይጀምራል። ስንገባ ዝናብ ነበር፣ አይሮሎ ላይ ስንወጣ ፀሐይ። ማስታወቂያው ሁሉ ከጀርመንኛ ወደ ጣሊያንኛ ዞሯል። ጠዋቱ ደመና ቢሆን ኖሮ በአዲሱ ዋሻ እንሄድ ነበር። የወሰንነው ጠዋት ባዝል ላይ ቡና እየጠጣን፣ የአየሩን ሁኔታ አይተን ነው። ዕቅድ ልቅ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ስዊዘርላንድ ስትገቡ ግን ስልካችሁን አስቡበት። ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ የአንዱ አገር ሲም በሌላው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ስዊዘርላንድ ግን ኅብረቱ ውስጥ የለችም። የስልክ ውላችሁ በስም ካላካተታት ባዝል ከመግባታችሁ በፊት ዳታውን አጥፉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ፓስ ያለ ኢንተርኔትም ኪውአር ኮዱን ያሳያል፤ ብቻ በየሦስት ቀኑ አንዴ መገናኘት አለበት። የጊዜ ሰሌዳውንም አፑ ያለ ኔትወርክ ያወጣል።

ስለ ማረፊያ። አክስቴ ልክ ናት፣ ማደሪያ ሳይያዝ መሄድ ያሳስባል። የእኛ ዘዴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሰው የሚበዛበትን ከተማ ቀድመን እናውቃለን። ሚላን በሚያዝያ የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽን ሲኖር አልጋ እሳት ነው። ሙኒክ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በቢራው በዓል ሰሞን አይሞከርም። ብራሰልስ ተቃራኒ ናት፤ በሥራ ቀን የስብሰባ ሰው ይሞላታል፣ ቅዳሜና እሁድ ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ሌላውን የምንይዘው ባቡር ላይ ሆነን፣ ከመድረሳችን ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብለን፣ ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። በርካሽ ብሎ ከተማ ዳር መያዝ አይነፋም። ያተረፋችሁትን ለትራም ትከፍሉታላችሁ፤ ጠዋት ደግሞ ሻንጣ ትጎትታላችሁ።

ሚላንን ቀድመን የያዝነው ቅዳሜና እሁድን እዚያ ለማሳለፍ ቆርጠን ስለነበር ነው። ከማዕከላዊ ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ስትሄዱ ፖርታ ቬኔዚያ ትደርሳላችሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ከድሮ ጀምሮ ያሉበት ሰፈር ነው። ቀኑን ሙሉ ሳንድዊች ሲበላ ለሰነበተ ሰው እንጀራ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ረቡዕና ዓርብን ለምትጾሙ፣ በየጣቢያው ሱቅ «ቬጋን» የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፤ ጀርመን ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። ጀርመን ሱፐርማርኬት እሁድ ዝግ ነው፤ ትልልቅ ጣቢያ ውስጥ ያለው ግን ክፍት ነው።

ጣሊያን ውስጥ ስለ ሥራ ማቆም አድማ ሳትሰሙ አትመለሱም። ቀኑ ቀድሞ ይታወቃል። በሥራ ቀን ከሆነ የክልል ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ12 እስከ 3 ሰዓት እንዲሠሩ የተጠበቀ ጊዜ አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ ወይም ያን ቀን እዚያው ከተማ መዋል ነው። ፓስ ሳትይዙ የወረቀት የክልል ባቡር ትኬት ከገዛችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ማሽን አስመቷት። ሳይመታ መግባት ያስቀጣል።

ባቡር ይሰረዛል፣ ይዘገያል። አንድ ማታ የጠበቅነው ባቡር ከሰሌዳው ላይ ድንገት ጠፋ። በጎናችን የነበሩ ቤተሰቦች ርካሹን፣ በአንድ ባቡር ላይ የታሰረውን ትኬት ይዘው ስለነበር የመረጃ መስኮቱ ጋ ተሰለፉ። እኛ ቀጣዩን አየንና ተሳፈርን። ፓስ ባይኖራችሁም መብታችሁን እወቁ። ጀርመን ውስጥ መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ፣ ለአንድ ባቡር የታሰረው ትኬት ይፈታል፣ በሌላ መሄድ ትችላላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ የትኬቱ ሩብ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ ግማሹ ይመለሳል። በመጠኑ የሚለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ግን ማመልከቻውን መሙላት ኪሳራ የለውም።

የሌሊት ባቡር በዚህ ጉዞ አልያዝንም። ከዚህ ቀደም ከቪየና ቬኒስ ሄጄበታለሁ። የሆቴል ሂሳብ ታተርፋላችሁ፣ ጠዋት የተኙበትን አንሶላ አጣጥፋችሁ ዳቦና ቡና ይመጣላችኋል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ከተሳፈራችሁና ቀጥታ ከሆነ የሚቆጠረው የተነሳችሁበት ቀን ብቻ ነው። ቦታው ግን ቀድሞ ያልቃል። እንቅልፉ ደግሞ እንደ ሰዉ ነው፤ እኔ አልወጣልኝም።

ወረቀት። ከአገር ቤት ዘመድ የምታስመጡ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከምትቆዩበት አገር ነው። የጀርመን ቪዛ ይዞ ጀርመን ሁለት ቀን፣ ጣሊያን ሦስት ሳምንት መቆየት ቀጣዩን ማመልከቻ ያበላሻል። ዕቅዱ ልቅ ቢሆንም ይህ ሚዛን መጠበቅ አለበት። ለማመልከቻው የሚቀርበውን የሆቴል ቦታ በነፃ የሚሰረዝ አድርጉት። ለንደን ሼንገን ውስጥ አይደለችም፣ ሌላ ቪዛ ነው። እዚህ የምንኖር ደግሞ የመኖሪያ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቱንም ይዘን እንውጣ። የጥገኝነት ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ያለበት ሰው የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ድንበር አያሻግርም፤ ባቡሩ ባዶ ቢመስልም አይሞከርም። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች።

እኛም አይተነዋል። ከቬሮና በክልል ባቡር ብሬነር ወጣን፤ 1,371 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጣቢያ ነው፣ በበጋም ሹራብ ያስፈልጋል። እዚያ ቀይረን ኢንስብሩክ አደርን። በማግስቱ የጀርመንን ድንበር ስንሻገር ፖሊሶች ገቡ። ፓስፖርት፣ ካርድ፣ የት ነበራችሁ፣ ወዴት ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የአክስቴ ልጅ ፓስፖርቱን ሻንጣው ታች ሳይሆን ደረቱ ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ይይዝ ስለነበር መፈላለግም አልመጣም።

ሙኒክ ላይ እንግዲህ ያ የፓስ ልዩነት መጣ። የእኔ ኢንተርሬይል ጀርመን ውስጥ አንድ የመመለሻ ጉዞ ብቻ አለው፤ ያም በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። ሙኒክ ካደርኩ የነገው መንገድ ከኪሴ ነው። ወርኃዊው የጀርመን ትኬት ያላችሁ በክልል ባቡሮች ብቻ እየቀያየራችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እኔ በማግስቱ ሥራ ነበረኝ፤ ያኑ ቀን ቀጠልኩ። የአክስቴ ልጅ የቀረው የጉዞ ቀን ነበረውና «እኔ እዚሁ አድራለሁ» አለ። ፍራንክፈርት ስንነሳ የብራሰልስ ሆቴል ካልተያዘ አልሳፈርም ያለው ልጅ! አክስቴ ስትደውል ለእሷ ማስረዳቱን ለእሱ ተውኩለት።

በማግስቱ ከሰዓት መልእክት ላከ። «ቩርዝቡርግ የሚባል ቦታ ድልድዩ ከባቡር መስኮት ቆንጆ ሆኖ ታየኝና ወረድኩ። የሦስት ሰዓቱን ካልያዝኩ የአራቱን እይዛለሁ። እራት ብሉ።»